«አሚትሪፕቲሊኑን ልተወው ወይ?» ላልሽው እህቴ

ጥያቄሽን አነበብኩት። ወገብሽን ከታመምሽ ዓመታት አልፈዋል፤ ሕመሙ እስከ እግርሽ ይወርዳል። ጭንቀትም አለብሽ። ሐኪሙ ማታ ማታ የሚወሰድ አሚትሪፕቲሊን 25 ሚሊግራም አዘዘልሽ። ከጀመርሽ ሳምንት አልሞላሽም፤ አፍሽ ይደርቃል፣ ሆድሽ ደርቋል፣ ጠዋት ያዞርሻል፣ ልብሽ ይመታል። ፋርማሲ ውስጥ ደግሞ «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው» ብለውሽ ደነገጥሽ። ሕመሙ ሲብስብሽ ትራማዶል ጣል እንደምታደርጊበትም ጽፈሻል።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ አስተማሪ ነኝ። የዲስክ ሕመምና ጭንቀት አብረውኝ ይኖራሉ። ይህንኑ ኪኒን ለዓመታት ወስጃለሁ፣ በኋላም ለጭንቀቱ ሰርትራሊን የሚባል ሌላ የድብርትና የጭንቀት መድኃኒት ተጨምሮልኛል። አጭሩ መልሴ፦ በራስሽ አትተዪው፤ ግን ሁሉንም ችለሽም ዝም አትበይ።

የ«ድብርት መድኃኒት» የሚለውን ቶሎ እንለፈው። አሚትሪፕቲሊን አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1961 ለድብርት የተፈቀደ አሮጌ መድኃኒት ነው። ለነርቭ ሕመምም ይሠራል፤ ለሕመም የሚታዘዘው መጠን ግን አብዛኛውን ጊዜ ለድብርት ከሚታዘዘው ያንሳል። ከአንጎል ወደ ሕብለ ሰረሰር የሚወርዱ፣ የሕመምን መልእክት የሚያለዝቡ ነርቮች አሉን። ኪኒኑ ሴሮቶኒንና ኖርአድሬናሊን የሚባሉት ኬሚካሎች ቶሎ እንዳይመጠጡ ያደርጋል፤ ነርቮቹም ያን ጊዜ ሥራቸውን በደንብ ይሠራሉ። ስለዚህ ሐኪሙ «ሕመምሽ ከሐሳብ የመጣ ነው» ማለቱ አይደለም። ሰፈር ሲሰማ ምን እንደሚል አውቃለሁ፤ «አማኑኤል ጀመረች እንዴ?» ይባላል። ይበሉ።

ወደ ዋናው ልምጣ። ጭንቀት ያለብን ሰዎች አዲስ ኪኒን ስንጀምር ሰውነታችንን እንደ ሌሊት ዘበኛ ነው የምንጠብቀው። ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥተን እስከ ታች እናነባለን። ያነበብነው ሁሉ ማታውኑ ይሰማናል። ያኔ የመድኃኒቱ የቱ፣ የጭንቀቱ የቱ እንደሆነ መለየት ያቅታል። መለየት ካልቻልሽ ደግሞ ሐኪምሽም ምን እንደሚያስተካክል አያውቅም።

እኔን የጠቀመኝ ደብተር ነው። ሐኪሜ ገና ኪኒኑን ሳልጀምር «አሁን የሚሰማሽን ሁሉ ጽፈሽ አምጪ» አለችኝ። ጻፍኩ። ማዞር ነበረብኝ። የልብ ምት ነበረብኝ። የሆድ ድርቀትም ነበረብኝ፤ ትራማዶል ሆድ ያደርቃል፣ ወገብ አሞት የሚተኛ ሰውም ሆዱ ይደርቃል። ኪኒኑን ከጀመርኩ በኋላ ዝርዝሩን ሳየው እውነተኛ አዲስ ነገር የአፍ መድረቅና የጠዋት መክበድ ብቻ ሆኖ ተገኘ። አንቺ ጀምረሻልና ወደ ኋላ ተመልሰሽ አስቢው፤ ባለፈው ወር ጠዋት ጠዋት አያዞርሽም ነበር?

ከዚያ በየቀኑ አንድ መስመር እጽፍ ነበር፤ አንድ ተማሪ ጥሎት በሄደው ደብተር ላይ። «ማክሰኞ፦ አፍ ደረቅ፣ ጠዋት ከባድ፣ ልብ ደህና።» «ሐሙስ፦ ሱፐርቪዥን መጡ። ከሦስተኛ ክፍለ ጊዜ ጀምሮ ልብ።» ቅዳሜና እሁድ ስለ ልብ የተጻፈ ነገር የለም ማለት ይቻላል። ኪኒኑን ግን ቅዳሜም እሁድም እውጠዋለሁ። መድኃኒቱ መቼም የሱፐርቪዥንን ፕሮግራም አያውቅም።

ያንቺም የልብ ምት ከጭንቀት ነው እያልኩሽ አይደለም። አሚትሪፕቲሊን ራሱ የልብ ምት ሊያፈጥን ይችላል። የልብ ሕመም ካለብሽ ወይም ከነበረብሽ ለሐኪሙ ዛሬውኑ ንገሪው፤ ኢሲጂ የሚባለውን የልብ ምርመራ ሊያስነሳሽ ይችላል።

አሁን አንድ በአንድ። የጠዋቱ መክበድ እኔን በጣም ያስቸገረኝ ነው። ማታ 4 ሰዓት ላይ እወስድና ጠዋት ጥቁር ሰሌዳ ፊት ቆሜ ዓይኔ ይከደን ነበር። ሐኪሜ ወደ 2 ሰዓት እንዳመጣው ነገረችኝ። በቃ፣ ቀለል አለኝ። የኪኒኑ የማስተኛት ኃይል እስከ ጠዋት እንዳይጎተት ቀደም አድርጎ መውሰድ ይረዳል። ከዚህ ሌላ እኔን በግማሽ ኪኒን ነበር ያስጀመረችኝ፣ ቀስ ብላ ነው የጨመረችው። አንቺ በአንዴ 25 ስለጀመርሽ ዝቅ ብሎ መጀመር ይቻል እንደሆነ ጠይቂው። ይህ ነውር ጥያቄ አይደለም።

ማዞሩ በተለይ ስትነሺ ከሆነ የደም ግፊት ድንገት ዝቅ ስለሚል ሊሆን ይችላል። የእኛ ሽንት ቤት ግቢው ጥግ ነው ያለው፤ ሌሊት ብድግ ብዬ ስወጣ ግድግዳ ይዤ የቆምኩበት ጊዜ ብዙ ነው። አሁን መጀመሪያ አልጋው ጠርዝ ላይ እቀመጣለሁ፣ እግሬን አንቀሳቅሳለሁ፣ ባትሪዬን አበራለሁ፣ ከዚያ እነሳለሁ። ወገብ ላይ መውደቅ ተጨምሮበት አያምርም።

አፍ መድረቅ ለአስተማሪ ጉድ ነው። ዓረፍተ ነገር ሳልጨርስ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ውኃ በላስቲክ ይዤ እገባለሁ፤ በአንዴ ሳይሆን ጉንጭ ጉንጭ ነው የምጠጣው። ስኳር የሌለው ማስቲካም ይረዳል። ከረሜላውን ተይው፤ ምራቅ ሲያንስ ጥርስ ቶሎ ይበላል። ለሆድ ድርቀቱ የእናቶቻችን ተልባ አላሳፈረኝም። ቆላ አድርጌ፣ አድቅቄ፣ በውኃ በጥብጬ ጠዋት እጠጣለሁ። ውኃው በዛ ማለት አለበት፤ ያለ በቂ ውኃ ተልባ ድርቀቱን ጭራሽ ያባብሰዋል። ፓፓያና በእግር መሄድም አለ። እነዚህ ካልሠሩ ፋርማሲ የሚያለሰልስ ነገር አለ፤ ቀናት ቆጥረሽ አትሰቃዪ። ክብደት ይጨምራል፣ ላብ ላብ ይላል፤ እነሱን እኔ ለምጃቸዋለሁ።

ቡና አልተውኩም፤ ማን ሊተው! ግን አቦሉን ጠጥቼ ቶናና በረካውን ለጎረቤት እተዋለሁ፤ ከሰዓት በኋላም አልጠጣም። ጫት የምትቅሚ ከሆነ ግን ጭንቀቱንም እንቅልፍ ማጣቱንም ያባብሰዋል። ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪው። አልኮልም ከዚህ ኪኒን ጋር አይሄድም፤ እንቅልፉን በላይ በላዩ ይጨምረዋል።

በጣም ያሳሰበኝ ግን ትራማዶልሽ ነው። ትራማዶልም ሴሮቶኒን ይጨምራል። ከአሚትሪፕቲሊን ወይም እንደ ሰርትራሊንና ፍሉኦክሲቲን ካሉት የድብርት መድኃኒቶች ጋር ሲደራረብ መንቀጥቀጥ፣ ትኩሳት፣ ላብ፣ ግራ መጋባት ሊያመጣ ይችላል፤ የሚጥል በሽታ ዓይነት መንፈራገጥም ሊያስከትል ይችላል። አንዳንዴ ሐኪም አውቆ፣ መጠኑን ወስኖ አብሮ ያዝዛቸዋል። ከጎረቤት ተቀብሎ ጣል ማድረግ ግን ሌላ ነገር ነው። በየቀኑ ስትወስጂው የቆየሽ ከሆነ ደግሞ እሱንም በድንገት አታቁሚው፤ ደውለሽ ጠይቂ። ዲክሎፌናክና አይቡፕሮፌንም ከነሰርትራሊን ጋር ሲሆኑ የጨጓራ መድማት ዕድል ይጨምራሉ። ወገብ የሚያመው ሰው ቤት እነዚህ መቼም አይጠፉም።

ሰርትራሊን ሲጨመርልኝ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ከበዱኝ። ያቅለሸልሸኛል፣ ያቁነጠንጠኛል፣ ጭራሽ ጭንቀቱ የባሰ መሰለኝ። ይህ የታወቀ ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያልፋል። ጠዋት ከቁርስ በኋላ መውሰዱ ማቅለሽለሹን ቀነሰልኝ። ጥቅሙ ደግሞ ቶሎ አይመጣም፤ ከጉዳቱ በኋላ ሳምንታት ዘግይቶ ነው የሚታየው። ሰው የሚያቆመው እዚህች መሃል ላይ ነው። ሌላም ሰው የማያወራው ነገር አለ፤ የአልጋው ፍላጎት ይቀንሳል። እኔ ባለቤቴ ተቀይማለች ብሎ ሳያስብ በፊት ነገርኩት፣ ለሐኪሜም ነገርኳት፣ መጠኑን አስተካከለችልኝ። አፍሮ ኪኒን ከመጣል አንድ ቀን ማፈር ይሻላል።

ጾምን በተመለከተ፣ የማታ ኪኒን ከጾም ጋር አይጣላም። የሚያስቸግረው የቀኑ ውኃ ነው። የንስሐ አባቴን ጠየቅኳቸው፤ «ታማሚ ነሽ፣ ውኃሽን ጠጪ» አሉኝ። ረመዳን የምትጾሚ ከሆንሽም የኪኒኑ ሰዓት ማታ መሆኑ ይመቻል፤ ስለ ቀኑ ግን ሐኪሙንም ኡስታዙንም ጠይቂ። ጸበልም እሄዳለሁ። እዚያ «መድኃኒቱን ተዪ» የሚልሽ ሰው አይጠፋም። እኔ ተጠምቄ እመለሳለሁ፣ ማታ ኪኒኔን እውጣለሁ።

ድንገት ማቆም ለምን እንደማይበጅ ልንገርሽ። ሰውነት ከለመደው በኋላ በአንዴ ሲቀር ማቅለሽለሽ፣ ማዞር፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ቅዠት ይመጣል። ከሰርትራሊን ዓይነቶቹ ሲሆን ጭንቅላት ውስጥ ኤሌክትሪክ የነካ የሚመስል ስሜትም አለ። ሰው ያኔ «ሱስ ሆኖብኛል» ወይም «በሽታው አገረሸብኝ» ይላል። ብዙውን ጊዜ ሁለቱም አይደለም፤ በፍጥነት ስለቆመ ነው። ማቆም ከተፈለገ ሐኪሙ በሳምንታት ውስጥ እየቀነሰ ያቆምሻል። መድኃኒት ከገበያ እንደሚጠፋ ደግሞ ታውቂያለሽ። እኔ ሊያልቅ ሳምንት ሲቀረው ነው መፈለግ የምጀምረው፤ መጀመሪያ ከነማ ፋርማሲዎችን እዞራለሁ። የኪኒኑ ቀለም ተቀይሮ ብታዪ አትደንግጪ፤ ስሙንና ሚሊግራሙን አመሳክሪ።

ሕመሜ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽሽም። ዝናብ ሲሆን፣ ብዙ ስቆም ያመኛል። ግን ሌሊት አያስነሳኝም። የተኛሁ ቀን ደግሞ ጭንቀቱም ሕመሙም ልኩን ያውቃል።

እነዚህ ከመጡ ቀጠሮ አትጠብቂ፤ ሽንት እምቢ ማለት፣ ራስን መሳት፣ የደረት ሕመም፣ ዓይን ቀልቶ በኃይል ማመም፣ ትኩሳት ያለው መንቀጥቀጥ፣ ራስን የመጉዳት ሐሳብ። የመጨረሻው በተለይ ዕድሜሽ ከ25 በታች ከሆነ ኪኒኑ በተጀመረበትና መጠኑ በተቀየረበት ሰሞን ሊመጣ ይችላል፤ ቤት ውስጥ የምታምኚው ሰው ይወቅልሽ። ልጆች ካሉ ኪኒኑን ቆልፊበት፤ አሚትሪፕቲሊን ሲበዛ ልብን የሚጎዳ አደገኛ ነገር ነው።

ለቀጠሮሽ ደብተርሽን፣ ቤት ያለሽን ኪኒን ሁሉ፣ የትራማዶሉን ማሸጊያ ጭምር፣ በፌስታል አድርገሽ ይዘሽ ሂጂ። «ምን ትወስጃለሽ?» ሲልሽ ጠረጴዛው ላይ ዘርግፊለት። ከዚያ ሐኪሙ ምን እንዳለሽ ጻፊልን።