የጎህ ፎቶ፦ ለወሎ አንባቢዎች ጥያቄ መልስ

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበታችሁ። የምኖረው ደሴ ነው። በማለዳ ከቤቴ ሰገነት ላይ ሆኜ ከተማዋንና ጦሳን አነሳለሁ፤ ካሜራዬ 18-55 ሌንስ አለው። ተራራው ሲያምር ከተማዋ ትጠቁርብኛለች፤ ከተማዋ ስትታይ ደግሞ ተራራውና ሰማዩ ጭልጥ ብለው ይነጣሉ። ስልኬ የሚነግረኝ የፀሐይ መውጫ ሰዓትም ከማየው ጋር አይገጥምም።

መልስ፦ ከሰዓቱ እንነሳ። ስልኩ የሚነግርዎት አድማሱ ሜዳ ቢሆን ኖሮ ፀሐይ የምትወጣበትን ሰዓት ነው፤ ለደሴ በጥር 12፡45 ገደማ፣ በግንቦት ማብቂያ 12 ሰዓት ገደማ። በስተምሥራቅ ግን አዝዋ ገደል የሚባለው ከፍታ አለ። ፀሐይዋ እሱን እስክትሻገር ከተማዋ ጥላ ውስጥ ትቆያለች። ከፍ ያለው ጦሳ ቀድሞ ይበራል፤ ብርሃኑም ከአናቱ ወደ ግርጌው ይወርዳል። በዚያን ሰዓት በብርሃኑና በጥላው መካከል ያለው ልዩነት ካሜራው በአንድ ፎቶ ከሚይዘው በላይ ነው። አብሽሩ፣ ጥፋቱ የእርስዎ አይደለም።

መላው ሁለት ነው። አንዱ ቀድሞ መነሳት ነው። ስልኩ ከሚለው ሰዓት 15 ደቂቃ ያህል ሲቀር የሰማዩ፣ የጦሳና የከተማዋ ብርሃን ይቀራረባል፤ የመንገድ መብራቱም ገና አልጠፋም። አይኤስኦ (ካሜራው ለብርሃን ያለው ስሜት) 100፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) ኤፍ 8፣ ሻተር (ብርሃን የሚገባበት ጊዜ) እንደ ደመናው ከ2 እስከ 6 ሰከንድ። ትራይፖድ (ባለ ሦስት እግር ማቆሚያ) ግድ ነው፤ የመሐል ምሰሶውን አይምዘዙት፣ የሌንሱን ማረጋጊያ ያጥፉት፣ በ2 ሰከንድ ታይመር ያንሱ። ሰገነቱ ላይ ሰው ከተራመደ ፎቶው መደብዘዙ ስለማይቀር ቤተሰቡን ያስጠንቅቁ። ነጭ ሚዛኑን (የቀለም ማስተካከያውን) ከአውቶ አውጥተው የፀሐይ ምልክት ያለበት ላይ ያድርጉት፤ አውቶ የጎህን ሰማያዊነት እንደ ስህተት ቆጥሮ ያጥበዋል።

ሁለተኛው፣ ጦሳ ከበራ በኋላ ሦስት ፎቶ ማንሳት ነው፦ አንድ ልከኛ፣ አንድ በሁለት ስቶፕ የጨለመ፣ አንድ በሁለት ስቶፕ የበራ (አንድ ስቶፕ ብርሃኑን በእጥፍ መጨመር ወይም በግማሽ መቀነስ ነው)። የሚቀየረው ሻተሩ ብቻ ነው። አፐርቸሩን ከነኩ ጥርት ብሎ የሚታየው የርቀት ወሰን ስለሚለያይ ሦስቱ በኮምፒውተር ሲደረቡ በትክክል አይገጥሙም። ከየጣሪያው የሚነሳው ጭስ ግን በሦስቱም ቦታውን ይቀይራልና ለጭሱ ከአንዱ ፎቶ ብቻ ይውሰዱ። ይህ ሁሉ ጣጣ ነው ካሉ በሮው (ካሜራው የያዘውን ሁሉ ሳይቀንስ በሚያስቀምጥበት የፋይል ዓይነት) አንድ ፎቶ ያንሱ፤ ብርሃኑ የሚለካው በጦሳ አናት ይሁን፣ ጥላውን በኋላ በኮምፒውተር ያበሩታል። የጠቆረ ይመለሳል፤ ጨርሶ የነጣ አይመለስም።

ፀሐይ ብቅ የምትልበት ጫፍም ዓመቱን ሙሉ አንድ አይደለም። በታኅሣሥ ከቀጥተኛው ምሥራቅ 24 ዲግሪ ያህል ወደ ደቡብ፣ በሰኔ ያንኑ ያህል ወደ ሰሜን ትሄዳለች። በየወሩ ከአንድ ቦታ ቆመው ጫፉን በአንድ ዛፍ ወይም ቤት ምልክት ያድርጉበት። የፈረንጅ ቪዲዮዎች ወርቃማ ሰዓት የሚሉትን ግን ይርሱት፤ እኛ ለምድር ወገብ ስለምንቀርብ ፀሐይዋ ሽቅብ ነው የምትወጣው፣ ለስላሳው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ከቆየ ብዙ ነው።

ጥያቄ፦ ከሐይቅ ከተማ። ውኃው ላይ ጉም የሚኖርበትን ቀን ቀድሞ ማወቅ ይቻላል? ያገኘሁትም ቀን ፎቶው አመድ ይመስላል።

መልስ፦ ማታውኑ ሰማዩን ይመልከቱ። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ ከዋክብት ጥርት ብለው ከታዩና ነፋስ ከሌለ ተስፋ አለ። የብሱ ሌሊት ቶሎ ይበርዳል፣ ሐይቁ ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል፤ ቀዝቃዛው አየር ከሞቃቱ ውኃ ጋር ሲገናኝ ጉሙ ይነሳል። ደመና ካደረ ወይም ነፋስ ካለ አይለፉ፣ ይተኙ። ፀሐይ ከነካው በኋላም ብዙ ስለማይቆይ ገና ሳይነጋ ቦታዎን ይያዙ።

አመድ የመሰለው ካሜራው ነጩን ሁሉ ግራጫ ሊያደርግ ስለሚሞክር ነው። ኤክስፖዠሩን (የፎቶውን የብርሃን መጠን) በ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ከፍ ያድርጉ። አውቶ ፎከስ ጉም ውስጥ ይባዝናል፤ ወደ ማንዋል ቀይረው ታንኳ ወይም የዳር ቄጠማ ላይ ይያዙ። ፀሐይ ከጀርባዎ ከሆነች ጉሙ ልሙጥ ነጭ ነው፤ ፊት ለፊትዎ ስትሆን ግን ከውስጡ ይበራል። ሌንሱን በእጅዎ ከቀጥታው ጨረር ይጋርዱት። የትራይፖዱ እግር ጭቃ ውስጥ እንዳይሰምጥ ጠፍጣፋ ድንጋይ ያንጥፉለት። የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም የወንዶች ገዳም ነውና ሴቶች ከዳርቻው በረጅም ሌንስ ያንሱት፤ ወንዶችም ግቢ ውስጥ ካሜራ ከማውጣታቸው በፊት ያስፈቅዱ።

ጥያቄ፦ ከወልዲያ። ያለኝ ስልክ ብቻ ነው፣ ትራይፖድም የለኝ። ይሆናል?

መልስ፦ ይሆናል። አንድ ኪሎ ያህል ባቄላ በትንሽ የጨርቅ ከረጢት ያስሩና ድንጋይ ላይ አኑረው ስልኩን ያስደግፉበት። ሌንሱን በንጹሕ ጥጥ ጨርቅ ይጥረጉ፤ ፀሐይ ዙሪያ የሚታየው ጭጋግ አብዛኛውን ጊዜ የጣት ወዝ ነው። ሰማዩን በጣትዎ ተጭነው ቆይተው ይቆልፉ፣ ብርሃኑን ትንሽ ዝቅ ያድርጉ፣ በ3 ሰከንድ ታይመር ያንሱ። በሁለት ጣት ዘርግቶ ማቅረብ የለም፣ በእግር ይቅረቡ። መታወቂያ ይያዙ፤ ኬላና ካምፕ ባለበት አቅጣጫ አያነጣጥሩ፣ የማያውቁት ቀበሌ ከሆነ በዋዜማው ነዋሪ ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ። በጠዋት ደሴ አንስቼ ወደ ቤት ስወርድ ሌንሴ ላብ ያወጣል። ተበላሽቶ ይሆን?

መልስ፦ አልተበላሸም። ከደሴ ኮምቦልቻ ከ600 ሜትር በላይ ቁልቁል ነው፤ ደሴ የቀዘቀዘው መስታወት የኮምቦልቻን ሞቃትና እርጥብ አየር ሲያገኝ ጤዛ ይይዛል። ደሴ ሳሉ ካሜራውን በፕላስቲክ ከረጢት ጥብቅ አድርገው አስረው ቦርሳ ውስጥ ይክተቱት። ቤት ሲደርሱ ከረጢቱን ለአንድ ሰዓት ያህል አይፍቱት፤ ጤዛው ከላስቲኩ ውጪ ይቀራል። ሜሞሪ ካርዱንና ባትሪውን ከማሰርዎ በፊት ያውጡ፣ ፎቶ ለማየት ሲቸኩሉ የሚፈቱት ለዚያ ነውና። ቀድሞ ላብ ካወጣ በጨርቅ አይሹት፣ ሌንሱንም አይፍቱት፤ ካሜራውን አጥፍተው ይተዉት፣ ራሱ ይድረቅ። ጤዛው ከመስታወቶቹ መሐል ከሆነና በማግስቱም ካልጠፋ ሻጋታ ሳይጀምር ለጠጋኝ ያሳዩ።