የእግዚአብሔር ቃል ባለቤት አለውን?

ጥያቄ፦ በዩቲዩብና በቴሌግራም መንፈሳዊ ነገር አቀርባለሁ። የዘማርያንን መዝሙር ሳላስፈቅድ እጭናለሁ፤ ከመምህራን መጻሕፍትም ጥቂት ቃላት እየቀያየርኩ ያለ ስማቸው አወጣለሁ። አሁን ከዩቲዩብ መጠነኛ ገንዘብ ማግኘት ጀምሬአለሁ። አንድ ወንድም «ይህ ስርቆት ነው» አለኝ። «በከንቱ ተቀበላችሁ፥ በከንቱ ስጡ» ተብሎ የለምን?

መልስ፦ ጠያቂያችን፣ ወንድምዎ የነገርዎት እውነት ነው። የእግዚአብሔር ቃል የማንም የግል ሀብት አይደለም፤ ቅዱስ ያሬድ በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የደረሰውን ዜማ የሚያዜም ምእመን የማንም ባለዕዳ አይሆንም። ነገር ግን አንድ ዘማሪ ግጥም ደርሶ፣ ዜማ አውጥቶ፣ ለስቱዲዮ ከፍሎ ያስቀረጸው መዝሙር፣ አንድ መምህርም ብዙ ዘመን መርምሮ ያዘጋጀው መጽሐፍ፣ ስለ እግዚአብሔር ስለሚናገር ብቻ ባለቤት አልባ አይሆንም። የያሬድን ዜማ እንኳ አንድ ሰንበት ትምህርት ቤት በራሱ ወጪ ካስቀረጸው፣ ዜማው የሁላችን ሲሆን ቅጂው ግን የደከሙበት ሰዎች ነው።

የጠቀሱትን ቃል ጌታችን በማቴዎስ ወንጌል 10፥8 የተናገረው ለሐዋርያት ነው፤ ድውያንን የሚፈውሱበትን ጸጋ እንዳይሸጡት ሲያዝዛቸው ነው። ትእዛዙ ለሰጪው እንጂ የሌላውን ድካም ወስዶ ለሚያድለው አልተነገረም፤ መምህሩ መጽሐፉን በነጻ ሊሰጥ ይችላል፣ እርስዎ ግን በእርሱ ንብረት ለጋስ ሊሆኑ አይችሉም። እዚያው ምዕራፍ ላይ፣ በቁጥር 10፣ «ለሠራተኛ ምግቡ ይገባዋልና» ይላል። በግልጽ ለመናገር ይፈቀድልኝና፣ ራስዎ ገንዘብ እየተቀበሉ በዚህ ጥቅስ መከራከርዎ አያስኬድም።

ለእኔ ከገንዘቡ ይልቅ የሚከብደኝ ስም አለመጥቀስዎ ነው። መጽሐፈ ምሳሌ 25፥1 የሕዝቅያስ ሰዎች የቀዱትን ምሳሌ የሰሎሞን መሆኑን ሳይሸሽግ ይናገራል። ቅዱስ ጳውሎስም በአቴና ሲሰብክ የአሕዛብን ባለቅኔዎች ቃል ሲጠቅስ ከእነርሱ መሆኑን ተናግሮአል (ሐዋ. 17፥28)፤ ለአሕዛብ ባለቅኔ ይህ ከተደረገ ለቤተ ክርስቲያን መምህር እንዴት ይቀርበታል? በቅኔ ቤትም የሌላውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ የሚያሰማ ተማሪ ምን ያህል እንደሚዋረድ ያለፉበት ያውቁታል። ጥቂት ቃላት መቀያየርም ጽሑፉን የእርስዎ አያደርገውም፤ እንዲያውም መሸሸጉን በስርቆቱ ላይ ይጨምርበታል።

«አባቶቻችን ስማቸውን ሳይጽፉ ያለፉ አይደሉምን?» የሚሉ አሉ። ብዙ የግእዝ ድርሰቶቻችን ደራሲያቸው አለመታወቁ እውነት ነው። ይሁን እንጂ ሰው ስለ ትሕትና የራሱን ስም መሰወሩ አንድ ነገር ነው፣ የሌላውን ስም መፋቅ ሌላ ነገር ነው። በብራና መጻሕፍቶቻችን ላይ «ዘሠረቆ ወዘፈሐቆ» እያለ፣ የሰረቀውንም የፋቀውንም በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የሚያወግዝ ቃል የምናነበው በከንቱ አይደለም። እርግጥ ነው፣ ውግዘቱ የሚመለከተው ብራናውን ነው፤ ጸሐፍቱ ስርቆትንና ፍቀትን ጎን ለጎን ማስቀመጣቸው ግን ሊታሰብበት ይገባል።

የአገራችን ሕግም፣ ማለትም የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996፣ የደራሲን የኢኮኖሚ መብት በሕይወት ዘመኑና ካረፈም በኋላ ለ50 ዓመት ይጠብቃል። ምንጭንና ደራሲን ጠቅሶ በመጠኑ ማውሳትን ግን ይፈቅዳል፤ ስለዚህ ከመጽሐፍ ጥቂት ዐረፍተ ነገር ከነስሙ ማንሣት አያስጨንቅዎ።

አሁን ምን ላድርግ ለሚለው፣ አስቀድመው ሙሉ መዝሙሮቹን ከገጽዎ ያውርዱና ለባለቤቶቹ ይጻፉላቸው። የሚፈቅድ ይኖራል፤ ብዙ ዘማርያን ስማቸውና የራሳቸው ገጽ አድራሻ እስከተጠቀሰ ድረስ ደስ ይላቸዋል። የሚከለክልም ይኖራል፤ መልስ የማይሰጥ ደግሞ እንደፈቀደ አይቆጠርም። ከመጻሕፍት በወሰዱት ጽሑፍ ላይ ስሙን ዛሬውኑ ይጨምሩ፤ ሰፊ ክፍል የወሰዱበትን ግን እስኪያስፈቅዱ ድረስ ያንሡት። ያገኙትን ገንዘብ በተመለከተ፣ ያለ አግባብ የወሰደውን አራት እጥፍ እመልሳለሁ ያለውን የቀራጩን የዘኬዎስን ነገር (ሉቃ. 19፥8) ከንስሐ አባትዎ ጋር ያንብቡት፤ ከየትኛው ሥራ እንደተገኘ የሚታወቀውን ለባለቤቱ ይመልሱ፤ መለየት የማይቻለውን ደግሞ ንስሐ አባትዎ እንደሚያዝዙዎ ያድርጉ። ለድሃ መጽውቼዋለሁ ብሎ ማለፍ ግን፣ ባለቤቱ እየታወቀ ሳለ፣ ዕዳውን አያስቀርም።