7407ህ አልተቃጠለም

ጥያቄው ይሄ ነበር፦ «7407 ባፈር ላይ ኢንፑቱን 5 ቮልት ሳደርገው አውትፑቱ 5 ቮልት አይሰጥም። መልቲሜትሩ ዜሮ አካባቢ ይዋልላል። ቺፑን ጥዬ በሌላ ቀየርኩ፣ ያው ነው።»

ወንድሜ፣ ሁለተኛውን እንዳትጥለው። ምንም አልሆነም። እኔም በዚሁ ጉዳይ ሁለት 7407 ቆሻሻ ውስጥ ከትቻለሁ። ሦስተኛውም እንደዚያው ሲሆንብኝ ነው ቁጭ ብዬ ዳታሺቱን (የቺፑን መግለጫ ወረቀት) ያነበብኩት። ገና ከላይ «ኦፕን ኮሌክተር» ይላል።

ባፈር የገባለትን ሲግናል እንዳለ የሚያወጣ ቺፕ ነው። ሲሳል አንዲት ሦስት ማዕዘን ናት፤ 1 (5 ቮልት) ሲገባ 1፣ 0 (ግራውንድ) ሲገባ 0። ስዕሉ የሚደብቀው አውትፑቱ ጋ ያሉትን ትራንዚስተሮች ነው። አብዛኛው ቺፕ ሁለት አለው፦ አንዱ ወደ 5 ቮልት ይስባል፣ ሌላው ወደ ግራውንድ። ይሄ ፑሽ-ፑል ነው። 7407 ላይ የላይኛው የለም፤ ኦፕን ኮሌክተር ማለት ይሄ ነው። ኢንፑቱ 0 ሲሆን የታችኛው አውትፑቱን ወደ ግራውንድ ይስበዋል፤ 1 ሲሆን ይለቀዋል። ለቀቀው ማለት ግን 5 ቮልት ሰጠው ማለት አይደለም። ፒኑ አየር ላይ ቀረ። አንተም የለካኸው አየሩን ነው።

መፍትሔው አንድ ሬዚስተር ነው። ፒን 1 ላይ እያስገባህ ከሆነ፣ ከፒን 2 ወደ 5 ቮልት 4.7 ኪሎኦም አስገባ። 0 ሲሆን የሚፈሰው 1 ሚሊአምፒር ገደማ ስለሆነ ለቺፑ ምኑም አይደለም። ሬዚስተሩን በጣም ካሳደግከው ሲግናሉ ወደ ላይ ሲወጣ ይንቀራፈፋል። ኤልኢዲ ብቻ ከሆነ የምታበራው፣ ከ5 ቮልት ተነስተህ በ330 ኦም እና በኤልኢዲው አድርገህ አውትፑቱ ላይ ጨርስ። ያኔ ግን የሚበራው 0 ስትሰጠው ነው፣ ግራ እንዳይገባህ።

«ታዲያ ጎደሎ ቺፕ ለምን ይሠራሉ?» ትል ይሆናል። ጉድለቱ ነው ጥቅሙ። ወደ ላይ የሚስበው አንተ ያስገባኸው ሬዚስተር ስለሆነ ቮልቴጁን የምትመርጠው አንተ ነህ። የ7407 አውትፑት እስከ 30 ቮልት ይችላል፤ ቺፑ ራሱ ግን የሚሠራው በ5 ቮልት ነው። ከ40 ሚሊአምፒር በታች የምትጠጣ ትንሽ የ12 ቮልት ሪሌይም (በኮይል የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ) ያስነሳል፤ ኮይሉ ላይ ዲዮድ ማድረጉን ብቻ አትርሳ። ሌላው፣ ብዙ አውትፑቶችን አንድ ሽቦ ላይ ማሰር ይቻላል፤ አንዱ ወደ ታች ከሳበ ሽቦው 0 ነው። ቺፖች በሁለት ሽቦ የሚነጋገሩበት አይ-ስኩዌርድ-ሲ የሚሠራው በዚህ ነው። በፑሽ-ፑል ይሄን እንዳትሞክረው። አንዱ ወደ ላይ ሌላው ወደ ታች ሲጎትት መሀላቸው ሾርት ነው። እኔ ሞክሬው ቺፑ ላይ ጣቴን ማቆየት አልቻልኩም።

ሦስተኛው የአውትፑት ዓይነት ትራይ-ስቴት ደግሞ ሁለቱም ትራንዚስተሮች አሉት፣ ኢኔብል የሚባለው ማብሪያ ማጥፊያ ፒኑ ግን ሁለቱንም ሊያጠፋቸው ይችላል። 74ኤችሲ125 በሚባለው ትራይ-ስቴት ባፈር ላይ ኢኔብሉ የሚሠራው በ0 ነው፤ 0 ስትሰጠው አውትፑቱ ይበራል፣ 1 ስትሰጠው ይጠፋል። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይሸወዳል።

ዳታሺት በሌለበት ሦስቱን እኔ እንዲህ ነው የምለየው። አውትፑቱን በ10 ኪሎኦም አንዴ ወደ 5 ቮልት፣ አንዴ ወደ ግራውንድ እስብና እለካለሁ። ፑሽ-ፑል ንቅንቅ አይልም። የጠፋ ትራይ-ስቴት ኢንፑቱ ምንም ይሁን ሬዚስተሩን ይከተላል። ኦፕን ኮሌክተር የሚከተለው ሲለቅ ብቻ ነው፤ 7407 ላይ ኢንፑቱ 1 ሲሆን ማለት ነው። ያንን የጣልከውን ቺፕ ከቆሻሻው አውጣና በዚህ ፈትነው።