ቀኑን ሙሉ እየሸጥኩ ዋናው ለምን ይጎድላል?

ጥያቄ፦ መንገድ ዳር ካልሲ እሸጣለሁ። ገበያው ደህና ነው፤ ሳምንቱ ሲያልቅ ግን ዕቃ መተኪያ ያጥረኛል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

መልስ፦ አብዛኛውን ጊዜ ዋናውና ትርፉ አንድ ኪስ ስለሚገቡ ነው። በ20 ብር ገዝተው በ25 ከሸጡ የእርስዎ 5ቱ ብቻ ነው። ምሳና ትራንስፖርት ከ20ው ላይ ሲነሳ አይታወቅም። ሁለት ኪስ ይያዙ፤ ካልሲውን ጠዋት ሲያወጡና ማታ ሲሰበስቡ ይቁጠሩ። 40 ጥንድ ከጎደለ እጅዎ ላይ 1000 ብር መኖር አለበት፦ 800ው አይነካም፣ ወጪው ሁሉ ከ200ው ነው። ቀን ያወጡት ተደምሮም ከ1000 ካነሰ ወይ ተሰርቀዋል፣ ወይ መልስ ተሳስተዋል፤ ሁለቱም የሚደርሱት ሰው ሲግተለተል ነው። ስለዚህ ዝርዝር ብር ከጠዋቱ ያዘጋጁ። ዱቤ ግን ለአላፊ አግዳሚ? በፍጹም!