ሶፍትዌር ላሠራ ወይስ የተሠራውን ልውሰድ?

ጥያቄ፦ ኮምቦልቻ ፌሮና ቆርቆሮ እነግዳለሁ፤ ደሴ ቅርንጫፍ አለኝ። አንድ ወጣት ባለሙያ «የመጋዘን፣ የዱቤና የሒሳብ ፕሮግራም በጃንጎ ከባዶ ልሥራልዎት፤ ክፍት ምንጭ (ኮዱ ለማንም ክፍት የሆነ) ስለሆነ የፈቃድ ክፍያ የለበትም» ይለኛል። ላሠራ?

መልስ፦ ሒሳቡን አያሠሩ። የፈቃድ ክፍያ የለበትም ማለቱ እውነት ነው። ጃንጎ ግን የፕሮግራም መሥሪያ እንጂ የሒሳብ መዝገብ አይደለም። ዴቢትና ክሬዲት ማመጣጠኑን፣ ተመላሽ ዕቃን፣ ተከፋፍሎ የሚከፈል ዱቤን፣ የተዘጋ ወር መቆለፍን ልጁ አንድ በአንድ መጻፍ ሊኖርበት ነው። ይህ ሁሉ ኢአርፒኔክስት (ERPNext) በሚባለው ዝግጁ የንግድ ፕሮግራም ውስጥ ተሠርቶ አልቋል፤ እሱም ክፍት ምንጭ ነው። ኦዱ (Odoo) የሚባለውን ተመሳሳይ ፕሮግራም የሚመክርዎት ካለ፣ ሙሉ ሒሳቡ ያለው በሚከፈልበት እትም መሆኑን ይወቁ።

ፌሮ በኩንታል ገብቶ በፍሬ ስለሚወጣ ዋና መለኪያዎ ፍሬ ይሁን። 12 ሜትር ርዝመት ያለው ባለ 12 ሚሊ ፌሮ በስሌት 10.66 ኪሎ ስለሚመዝን ኩንታሉ 9.38 ፍሬ ይሆናል። ፌሮው ቀጠን ካለ ግን ፍሬው ይበዛል። ስሌቱን ትተው ሲራገፍ የተቆጠረውን ያስገቡ፤ አለዚያ ኮምፒውተሩና መጋዘኑ አይገናኙም።

ልጁ ሥራ አያጣም፤ ኢአርፒኔክስትን ለእርስዎ ንግድ ያስተካክልልዎ። ሐሰን የሚባል ደንበኛ አንዱ ጸሐፊ «ሀሰን»፣ ሌላው «ሃሰን» ብሎ ይመዘግበዋል፤ የአንድ ሰው ዱቤ ሦስት ቦታ ይበተናል። ፍለጋው ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ኀን፣ እንዲሁም ሰና ሠን፣ አና ዐን፣ ጸና ፀን አንድ አድርጎ እንዲያይ ያሠሩት፤ ስልክ ቁጥርም ግዴታ ይሁን። ቀኑ በፈረንጅ አቆጣጠር ተቀምጦ በእኛ ይታይ፤ ጳጉሜን 12 ወር ብቻ በሚያውቅ ሰንጠረዥ ውስጥ ቦታ የላትም። ለደንበኛ የሚሰጠው ደረሰኝ እንደ ወትሮው ከተመዘገበው የሽያጭ መሣሪያ ይውጣ።

ፕሮግራሙ ለሚጫንበት፣ ለመነሻ 8 ጊጋ ራም ያለው ኮምፒውተር ከኤስኤስዲ (ፈጣን ዲስክ) ጋር ይበቃል። ዩፒኤሱ (መብራት ሲጠፋ የሚይዘው ባትሪ) ላይ ራውተሩም ይሰካ፤ መብራት ሲጠፋ ራውተሩ ከጠፋ ኮምፒውተሩ ቢሠራም ደሴ አይደርሰውም። ደሴ የሚገናኘው በቪፒኤን (በኢንተርኔት ላይ በሚዘረጋ የተቆለፈ የግል መስመር) ብቻ ይሁን።

ትልቁ ስጋት መጠባበቂያ ቅጂው ነው። ፕሮግራሙ ቅጂውን የሚያስቀምጠው እዚያው ዲስክ ላይ ነው፤ ዲስኩ ሲሞት ሁለቱም ይሞታሉ። በየማታው ወደ ውጭ ዲስክ ይገልበጥ፤ የተያያዙ ፋይሎችም እንዳይቀሩ። የይለፍ ቃሎቹና የተጻፈው ኮድ በእርስዎ እጅ ይሁኑ። ልጁ ቅጂውን ሌላ ኮምፒውተር ላይ መልሶ አስነስቶ የዱቤ ዝርዝርዎን ካሳየዎት በኋላ የመጨረሻውን ክፍያ ይክፈሉት።