ፓኔል ለምትበሱ ልጆቼ

ልጆቼ፣

የኤሌክትሪክ ሥራ ስትጀምሩ ልባችሁ ሞተሩን ወደሚያበራውና ወደሚያጠፋው ኮንታክተር፣ ፍጥነቱን ወደሚቆጣጠረው ኢንቨርተር፣ አሁን አሁን ደግሞ ማሽኑን ወደሚያዘው ትንሽ ኮምፒውተር፣ ወደ ፒኤልሲ ፕሮግራም ይሄዳል። ፓኔል፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ዕቃዎቹ የሚሰበሰቡበትን የብረት ሣጥን፣ ለኬብል መብሳት ለረዳት የሚተው ሥራ ይመስላችኋል። እኔ ግን አንድን ፓኔል ምን ዓይነት ባለሙያ እንደሠራው ለማወቅ ስፈልግ፣ በሩን ከመክፈቴ በፊት ጎንበስ ብዬ ኬብሎቹ የሚገቡበትን ቀዳዳ አያለሁ። አምራቹ ሣጥኑን አቧራና ውኃ እንዳያስገባ አድርጎ ዘግቶ ነው የሰጠን። ከዚያ በኋላ የሚከፍተው የእኛ ፑንታ፣ የመብሻው ብረት ነው።

ሣጥኑ ላይ አይፒ 65 ተብሎ ተጽፎ ታያላችሁ። 6ቱ አቧራ ፈጽሞ አይገባም፣ 5ቱ ደግሞ ከየትኛውም አቅጣጫ በጎማ ቢረጭ ውኃ አይጎዳውም ማለት ነው። ይህ ደረጃ የሚጸናው የከፈታችሁት ቀዳዳ ሁሉ ልኩ የሆነ ግላንድ፣ ማለትም ኬብሉን ጨብጦ ቀዳዳውን የሚዘጋ ማጥበቂያ፣ ካገኘ ብቻ ነው። ዱቄት ፋብሪካ ውስጥ አንድ ክፍት ቀዳዳ ያለው ፓኔል ብትከፍቱ፣ ብሬከሮቹ ላይ የተጋገረው ነጭ ብናኝ ሁሉን ይነግራችኋል። በዚያው ቀዳዳ አይጥም በረሮም ይገባል። ሳይሠራበት የቀረ ቀዳዳ በቴፕ አይሸፈንም፤ መድፈኛ ይገዛለታል።

ቀዳዳው የት ይሁን ለሚለው፣ ከቻላችሁ ሁልጊዜ ከታች አስገቡ። ከላይ የሚገባ ኬብል ውኃን እየመራ ያስገባል። ሌላ መንገድ ከሌለ ኬብሉ ግላንዱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ቆልመም ብሎ ይመለስ፤ ውኃው እዚያው ይንጠባጠባል። ብዙ ሣጥኖች ከሥር በብሎን የሚፈታ ላሜራ አላቸው። እሱን ፈታችሁ አውጡና ሞርሳ ላይ አስራችሁ ብሱት። አራት ብሎን ላለመፍታት ብሎ መብሻ ማሽኑን፣ ትራፓኖውን፣ ሣጥኑ ውስጥ የሚያስገባ ሰው፣ የብረት ፍርፋሪውን ኮንታክተር ላይ እያዘነበ ነው።

ኬብሉን በካሊፐር ለኩ። ግላንዱ በኬብሉ፣ ቀዳዳው በግላንዱ ይወሰናል። ለኤም 20 ግላንድ፣ ጥርሱ 20 ሚሊ ሜትር ስፋት ላለው፣ 20.5 ሚሊ ሜትር ገደማ ይበቃል። ፒጂ የሚባለው የቀድሞው የጀርመን ልክ አሁንም ያጋጥማችኋል፤ የፒጂ 13.5 ጥርስ የውጭ ስፋቱ 20.4 ሚሊ ሜትር ስለሆነ በዓይን ከኤም 20 አይለይም። የአንዱን ዳዶ በሌላው ላይ ብታስገቡት ግን ጥቂት ዞሮ ይነክሳል፣ ከዚያ ይቆማል። በፒንሳ ካስገደዳችሁት ጥርሱ ይበላል፣ ግላንዱም ኬብሉን አይዝም።

ስትበሱ የሚበሳውን ነጥብ በሹል ብረት ምቱ፣ በቀጭን ፑንታ ጀምሩ፣ ከዚያ እንደ ደረጃ እየሰፋ በሚሄደው ሾጣጣ ፑንታ አስፉት። ሰፊ ቀዳዳ ከሆነ ሆል ሶ የሚባለው ክብ መጋዝ ወይም በብሎን እየተሳበ ላሜራውን የሚቆርጠው መምቻ ይሻላል፤ መምቻው ጠርዙን ንጹሕ ያወጣዋል። ለ20 ሚሊ ቀዳዳ ተራ ላሜራ ላይ በደቂቃ 400 ዙር ገደማ ይበቃል፣ ስቴንለስ ላይ ግማሹ፤ ዘይት አትርሱ። መነጽር አድርጉ፣ ፑንታ ሲዞር ግን ጓንት አውልቁ፤ ጓንት ከያዘ እጅን ይዞ ይዞራል። ኤሌክትሮድ ለኩሶ ላሜራ የሚያቃጥልም አይቻለሁ። ያ ቀለሙን አቃጥሎ ለዝገት የሚያጋልጥ፣ ጠርዙንም መጋዝ የሚያደርግ ነውና እጃችሁን አታስለምዱት።

አስቀድሞ ተተክሎ የሚሠራ ፓኔል ላይ መብሳት ግድ ሲሆን መብራቱ ከፓኔሉ በፊት ካለው ማቋረጫ ይቋረጥ። ዋናው ብሬከር ወርዷል ብላችሁ አትዘናጉ፤ የገቢው ተርሚናል ላይ 380 ቮልት እንዳለ ነው። በቴስተር ሳታረጋግጡ ትራፓኖ አታንሱ። ዕቃዎቹን በፕላስቲክ ሸፍኑ፣ ስትጨርሱ ፍርፋሪውን በቫኩም ሳቡት። በኮምፕረሰር የነፋችሁት ፍርፋሪ አልወጣም፤ ኢንቨርተሩ ውስጥ ተደብቋል።

ከተበሳ በኋላ ያለውን ጠርዝ ሞረድ አድርጉት። ማለቁን ለማወቅ የተጣለ የኬብል ልጣጭ ይዛችሁ በቀዳዳው ዙሪያ ጎትቱት። ልጣጩን ከቧጨረው ገና ነው። ሞተር አጠገብ ያለ ፓኔል ቀን ከሌት ይንቀጠቀጣል፤ ዛሬ የማትታይ ሹል ጠርዝ ኢንሱሌሽኑን ቀስ በቀስ በልታ መዳቡ ጋ ትደርሳለች። ከዚያ በተራቆተው ብረት ላይ የዚንክ ቀለም ቀቡ።

አሁን በጣም የሚያሳስበኝን ልንገራችሁ። አንድ ፋብሪካ ውስጥ ዋናው ፓኔል ከሥር ይግላል ተብዬ ተጠርቼ ነበር። ብሬከሩ ተቀይሯል፣ ተርሚናሎቹ ደጋግመው ተጠብቀዋል፣ ሙቀቱ ግን አልቀነሰም። ጎንበስ ብዬ ሳይ ኃይሉን የሚያመጡት ሦስቱ መስመሮች፣ ፌዞቹ፣ እያንዳንዳቸው ወፍራም ነጠላ ኬብል፣ በሦስት የተለያዩ ቀዳዳዎች በብረት ላሜራ ውስጥ አልፈዋል። የላሜራው ቀለም በቀዳዳዎቹ መሐል ጠቁሯል። ቀዳዳዎቹ ሲታዩ ውብ ናቸው፣ እኩል የተሰለፉ፣ ጠርዛቸው የለሰለሰ። ችግሩ ሌላ ነው። የአንድ ፌዝ ኬብል ብቻውን በብረት ሲከበብ፣ የሚፈጥረው ተለዋዋጭ መግነጢስ በብረቱ ውስጥ ይዞራል፣ ላሜራው ራሱ ይግላል። በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ሲሆን ኢንሱሌሽን ያበላሻል። ሦስቱ ፌዝና የመመለሻው መስመር ኑትራሉ አብረው በአንድ ቀዳዳ ቢያልፉ መግነጢሳቸው እርስ በርሱ ይጠፋፋል። አብረው ማለፍ ካልቻሉ ላሜራው አሉሚኒየም ይሁን። እኛም ያደረግነው ይህንኑ ነው፤ ሙቀቱ ጠፋ። ፋብሪካው ግን እዚያ እስኪደርስ ድረስ ለብሬከርና ለሥራ ማቆም ስንት ከፍሏል!

የምድር ሽቦውንም አትርሱ። ቀለም አሳላፊ አይደለም። ኬብሉ የብረት ጋሻ ያለው ከሆነ የግላንዱ ቀለበት የሚያርፍበትን ቦታ ቀለሙን ፋቁለት፣ ተፈትቶ የተመለሰው ላሜራም የራሱ የምድር ሽቦ ከሣጥኑ ጋር ይታሰርለት። ብልሽት ሲመጣ ብሬከሩ የሚወርደው ያ መንገድ ካለ ነው።

በሩን ከመዝጋታችሁ በፊት እያንዳንዱን ኬብል በእጃችሁ ሳብ አድርጉት። ግላንዱ ውስጥ ከተንሸራተተ አልጠበቀም፣ ወይም ልኩ አይደለም፤ ፈታችሁ እንደገና ሥሩት።