የቮልስ ሞተር ቤት ውስጥ ስለመግጠም

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ደግሜ አነበብኩት። የአባትህ የ1972 ሞዴል ቮልስ 1300 ሞተሩ ወርዶ ተፈቷል። ክራንክ ሻፍቱ (ፒስተኖቹ የሚያዞሩት ዋናው ዘንግ፣ ባጭሩ ክራንኩ) እና ብሎኩ (የሞተሩ ዋና አካል) ማሽን ሾፕ ገብተው መጥተዋል። የቀረው ዕቃ ሳፋ ውስጥ ነው። «ጋራዥ ልስጠው ወይስ እኔው ቤት ልግጠመው?» ነው ያልከው።

እኔ ግጠመው ባይ ነኝ። ቮልስ ራዲያተር የላት፣ ውሃ የላት። ሞተሯን ከካምቢዮው ጋር የያዙት አራት ብሎኖች ብቻ ናቸው። ጠንካራ ጠረጴዛ፣ ቶርክ ቁልፍ (የምታስርበትን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) እና ፊለር ጌጅ (ጠባብ ክፍተት የሚለካባቸው ስስ ብረቶች) ካለህ ይበቃሃል። ቶርክ ቁልፍ ከሌለህ ግን ተከራይ ወይም ተዋስ፤ በግምት አትሰር።

አንድ ነገር ያዝልኝ። እያንዳንዱን ነገር ባሰርክ ቁጥር ክራንኩን በእጅህ አዙረው። ከያዘህ ወደፊት አትሂድ፣ ፍታው። «ሲነሳ ይለቃል» የሚልህን ሰው አትስማ። አይለቅም፤ ይበላል እንጂ።

መጀመሪያ እጠብ። ከማሽን ሾፕ የመጣን ዕቃ «ታጥቧል» ቢሉህም አትመን። ክራንክ ሻፍቱ ውስጥ ዘይት የሚያልፍባቸው ቀጫጭን ቀዳዳዎች አሉ። የብረት ብናኝ የሚደበቀው እዚያ ነው። ንጹሕ ነው ተብሎ በመጣ ክራንክ ቀዳዳ ውስጥ ናፍጣ የነካ ቀጭን ብሩሽ ሳስገባ ጥቁር ጭቃ የመሰለ ነገር ይዞ ሲወጣ አይቻለሁ። ነጭ ጨርቅ ላይ ሲታሽ ያብለጨልጫል። ያ ብናኝ አዲሱን ብሮንዚና (ክራንኩ የሚሽከረከርበትን ለስላሳ ብረት) ወዲያው ነው የሚጨርሰው። ስለዚህ በናፍጣ፣ ከዚያ በኦሞና በሙቅ ውሃ እጠብ። ከዚያ ሰፈር ያለ ጎሚስታ ጋ ውሰድና ሁሉንም ቀዳዳ በአየር አስነፋ። እንደደረቀ ዘይት ቀባው፤ ካልሆነ ይዝጋል።

ዋናው ሥራ ብሎኩን መግጠም ነው። እንደምታውቀው ብሎኩ ሁለት ክፋይ ነው፤ መሃሉ ላይ ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ ወረቀት) የለውም። ስስ ፈሳሽ ማሸጊያ ብቻ ነው የሚቀባው። ብዙ ከቀባህ ትርፉ ወደ ውስጥ ይገባና የዘይቱን መንገድ ይዘጋል።

ክራንኩ በ4 ዋና ብሮንዚናዎች ላይ ነው የሚቀመጠው። ሦስቱ ሙሉ ቀለበት ናቸው፤ ሁለተኛው ብቻ ለሁለት የተከፈለ ነው። ሦስተኛው፣ ካም ሻፍቱን የሚያዞረው ጥርስ ከመግባቱ በፊት ክራንኩ ላይ መግባት አለበት፤ በኋላ መንገድ የለውም። እያንዳንዱ ብሮንዚና ብሎኩ ላይ ካለችው ትንሽ ፒን ጋር የሚገጥም ቀዳዳ አለው። ችግር የሚፈጠረው እዚህ ላይ ነው። ፒኗ ቀዳዳዋን ካልያዘች ዳዶውን ስታጠብቀው ብሮንዚናው ይጨፈለቃል። ክራንኩን መጀመሪያ ግማሹ ብሎክ ላይ አስቀምጥ። ቀለበቶቹን ቀስ እያልክ አዙር፤ ፒኗ ስትገባ እጅህ ላይ ይሰማሃል። ያኔ በብሎኩ ጠርዝ ልክ ብሮንዚናው ላይ በእርሳስ መስመር አስምር። በኋላ ስትገጥም መስመሩን ብቻ ነው የምታየው።

ካም ሻፍቱ (ቫልቮቹን የሚከፍተው ዘንግ) ጥርስ ላይ አንድ ነጥብ አለች። ክራንኩ ጥርስ ላይ ካሉት ሁለት ነጥቦች መሃል ትግባ። ከዚያ በቮላኖው (ክራንኩ ጫፍ ላይ በሚታሰረው ከባድ ክብ ብረት) በኩል የካም ሻፍቱን ጫፍ የምትዘጋዋን ትንሽ ክብ ክዳን አትርሳ፣ እባክህ። እሷ ከተረሳች ዘይቱ ፍሪሲዮኑ ላይ ይወርዳል፤ ለመመለስ ሞተሩን እንደገና ሙሉ በሙሉ መፍታት ነው። ስድስቱን ትልልቅ ዳዶዎች እየተዟዟርክ ቀስ በቀስ እስከ 35 ኒውተን ሜትር ገደማ እሰር፤ በየመሃሉ ክራንኩን አዙር።

ከዚያ ቮላኖው። ከኋላው ሁልጊዜ ሦስት ሺም (ስስ የብረት ቀለበት) ይገባል። የክራንኩ የፊትና ኋላ ጨዋታ ከ0.07 እስከ 0.13 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ከዚህ ከወጣ ሺሞቹን በሌላ ውፍረት ቀይር።

ፒስተን ላይ ያለው ቀስት ወደ ቮላኖ ይመልከት። የፋሻዎቹን (የፒስተኑን ቀለበቶች) መክፈቻ አንድ መስመር ላይ አታድርግ። የፑሽሮድ ቱቦዎችን (ቫልቮቹን የሚገፉት ዘንጎች የሚያልፉባቸውን) ከመግጠምህ በፊት ወደ 190 ሚሊ ሜትር ሳባቸው፤ ስፌታቸው ወደ ላይ ይሁን። ቴስታታውን (የሲሊንደሮቹን ክዳን) መጀመሪያ ለስለስ አድርገህ በተራ እሰርና 32 ኒውተን ሜትር ላይ ጨርስ። ይህ ለ10 ሚሊ ብሎን ነው። የቫልቮላ (የቫልቭ) ክፍተት ሞተሩ ሲቀዘቅዝ 0.15 ሚሊ ሜትር ይሁን።

ሞተሩን የሚሸፍኑትን ላሜራዎች ደግሞ አንድም ሳትተው መልሳቸው። «አያስፈልግም» እየተባለ ስንቱ ቮልስ ላይ ተጥለዋል! ሞተሯን የሚያቀዘቅዛት በእነሱ ተመርቶ የሚሄደው አየር ነው። አዲስ አበባን በመሰለ ከፍታ ላይ አየሩ ራሱ ስስ ነው፤ ያለውን ማባከን አይገባም።

ዘይት 2.5 ሊትር ጨምር። ካንዴላዎቹን አውጣና የዘይት መብራቱ እስኪጠፋ በሞተሪኖ አዙር። ከዚያ ብቻ ነው ማስነሳት። የተኩስ ተራው (ሲሊንደሮቹ የሚቃጠሉበት ቅደም ተከተል) 1-4-3-2 ነው። ካም ሻፍቱ አዲስ ከሆነ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ በዝቅተኛ ዙር) አታስቀምጠው፤ በደቂቃ 2000 ዙር አካባቢ ይዘህ 20 ደቂቃ ያህል አቆየው። 500 ኪሎ ሜትር ላይ ዘይቱን ቀይር፣ ቫልቮላውን ድጋሚ ለካ።

ከመጀመርህ በፊት ግን የተሰጠህን ብሮንዚና ጀርባ እይልኝ። 0.25 ወይም 0.50 (ሚሊ ሜትር) የሚል ይኖራል። ክራንኩ የተቀነሰበትና ብሎኩ የሰፋበት መጠን ሁለቱም ከብሮንዚናው ጋር መግጠም አለባቸው። ቁጥሮቹን ጻፍልኝና አብረን እናያለን።